የተመስገን ዳቦ

ሳጥኑ ቢጫ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ፣ አሥራ ሁለት ፎቅ ሊሆን ዘጠነኛው ላይ በደረሰ ሕንፃ ግቢ በር ላይ፣ ከዘበኛው ቤት ግድግዳ ጋር በአራት ሚስማር ተመቷል። ቁልፉ ልደት አንገት ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ፊቱ ላይ በትልልቁ «ለጥቂት የተረፍንበት» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከጽሑፉ በላይ ወረቀት የሚገባበት ቀዳዳ አለ። በሁለት ወር ውስጥ በዚያች ቀዳዳ የገባው ነገር ቢቆጠር ይኸው ነው፦ አንድ የማስቲካ ልጣጭ፣ አንድ የተፋቀ የሞባይል ካርድ፣ እና «ቁጥር አርባ ሁለት ጫማ ይሰጠኝ» የሚል ማመልከቻ። ያውም ስምም ፊርማም የሌለው። ኧረ ለመሆኑ ጫማውን ለማን ትስጠው?

ልደት የሥራ ቦታ ደኅንነት ኃላፊ ናት። ይህን ሁሉ ማዕረግ ማን ይጠራል፣ ሠራተኞቹ በአጭሩ «ሴፍቲ» ይሏታል። «ሴፍቲ መጣች!» ሲባል ሄልሜቱን ያወለቀ ያጠልቃል፣ ቀበቶውን የፈታ ያስራል፤ እሷ ዞር ስትል ደግሞ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። ይህን እሷም ታውቃለች። ስድስት ዓመት ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ በዚሁ ሥራ የኖረች ሴት ናት፤ ሰው ፊት ለፊት የሚያደርገውንና ከጀርባ የሚያደርገውን ለይታ ታውቃለች። ደግሞ አንዴ የያዘችውን አትለቅም። ጎተራ ኮንዶሚኒየም አብረዋት የሚኖሩት እናቷ፣ «ከእሷ እጅ ነገር ከማስጣል ከውሻ አፍ አጥንት መንጠቅ ይቀላል» ይላሉ።

ወደዚህ ግቢ የመጣችበት ምክንያት ቀላል ነው። የሕንፃው ባለቤት የሆነው ድርጅት ለሥራ ተቋራጩ ደብዳቤ ጻፈ፦ በሦስት ወር ውስጥ የሚሠራ የደኅንነት አስተዳደር ሥርዓት ካልዘረጋችሁ ግንባታው ይቆማል። «የሚሠራ» የምትለዋ ቃል ከሥሯ ተሰምሮባታል። የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ተከስተ ደብዳቤውን አንብበው ልደትን ቀጠሩ፤ በመጀመሪያው ቀንም አንድ ነገር ብቻ ነገሯት። «ፋይሉ ማማር አለበት። ማለቴ፣ የባለቤቱ ተቆጣጣሪ ስትመጣ ዜሮ አደጋ፣ ዜሮ ችግር ነው ማየት ያለባት። በቃ።»

እሷ ግን ፋይል ልታሳምር አልመጣችም። በመጀመሪያው ሳምንት ሕንፃውን ከምድር እስከ አናቱ በእግሯ ዞረች። ሰው ከየት ሊወድቅ እንደሚችል፣ ምን ሰው ላይ ሊወድቅ እንደሚችል አንድ በአንድ መዘገበች። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት የአምስት ደቂቃ ንግግር አስጀመረች። መሰላሉም፣ የኤሌክትሪክ ገመዱም፣ ጣውላውም የሚፈተሽበት ቀንና የሚፈትሸው ሰው ተወሰነለት። ከዚያ ስድስት ገጽ መመሪያ ጽፋ አቶ ተከስተ ፊት አቀረበች፤ እሳቸውም በስልክ እያወሩ ስድስቱንም ገጽ ሳያነቡ ፈረሙባቸው። ይህችን ፊርማ አደራ፣ አስታውሱልኝ።

ሁሉም ነገር መልክ ሲይዝ ሳጥኑ ብቻ ባዶ ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን «ተመስገን፣ ችግር የለም ማለት ነው» ብሎ ለጥ ብሎ ይተኛ ነበር። ልደት ግን እንቅልፍ አጣች። መቶ ሃያ ሰው ዘጠኝ ፎቅ እየወጣ እየወረደ፣ በሁለት ወር አንድም ሰው ለጥቂት አልተረፈም? ሰው የሚገድል ነገር እኮ ከመግደሉ በፊት አሥር ጊዜ ይስታል። አሥሩን የሰማ አሥራ አንደኛውን ያስቀራል፤ ያልሰማ ለቅሶ ይደርሳል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ቅጠሉን የሚይዘው ሰው ጭሱን ካላየ ግን ምን ዋጋ አለው!

ሄዳ ጋሽ ወልደአረጋይን ጠየቀቻቸው። ጋሽ ወልደአረጋይ ካቦ ናቸው፤ የግንበኛውም የቀን ሠራተኛውም አለቃ፣ ከስልሳ ያለፉ፣ ግንባታ ላይ ያረጁ ሰው። ሄልሜት የሚያደርጉት ከኮፍያቸው በላይ ደርበው ነው፤ ያውም ለልደት ሲሉ።

«ጋሼ፣ ለምንድን ነው ማንም የማይጽፈው?»

«ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

«እሱማ አይነቅዝም። ሰው ግን ይሞታል።»

ጋሽ ወልደአረጋይ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁን ተዉትና ነገሯት። ከዓመታት በፊት ሌላ ሕንፃ ላይ ሲሠሩ፣ አንድ የዋህ ሰው «ጣውላው ላልቷል» ብሎ ለአለቃ ተናገረ። አለቃው ጣውላውን አላስጠበቀም። ይልቁንስ ጣውላውን የመታው አናጢ ማን እንደሆነ አጣርቶ አባረረው። የአምስት ልጆች አባት ነበር።

«የተናገረው ሰውዬ ከዚያ በኋላ ዓይናችንን ማየት አቃተው። ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። አንቺ ደግሞ መጥተሽ የክስ ሳጥን ሰቀልሽልን!»

«የክስ አይደለም፣ ጋሼ።»

«ደግሞስ ወንድ ልጅ ለጥቂት ተረፍኩ ብሎ ወረቀት ይሞላል? ፈሪ ለናቱ!»

«ታዲያ ለእናቱ ቢሆን ምን አለበት?» አለች ልደት። «እኔም የምፈልገው ይኸንኑ ነው። ሁሉም ማታ ማታ ለእናቱ እንዲገባላት።»

ጋሽ ወልደአረጋይ አካፋቸውን አንስተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሳጥኑ ግን በማግሥቱም ባዶ ነበር።

ነገሩ የተገለጠው በምሳ ሰዓት ነው። ልደት የምሳ ዕቃዋን ይዛ፣ ሠራተኞቹ ከሚበሉበት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ገባች። ለምለም የምትባል የቀን ሠራተኛ አለች፤ አሸዋና ሲሚንቶ የምታቀብል፣ ሳቋ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ የሚሰማ ሴት። እሷ አንድ ትልቅ አምባሻ ከነጠላዋ ፈታች። ጋሽ ወልደአረጋይ ባርከው ቆረሱት። ሰው ሁሉ ቁራሹን እየተቀበለ «እንኳን ተረፍሽ! እንኳን ተረፍሽ!» ይላታል። ለልደትም ደረሳትና ጎረሰች።

«ምን ሆነሽ ነው ለምለም? አሞሽ ነበር እንዴ?»

«ኧረ ምንም! ትናንት ያ ትልቁ ባልዲ ከነኮንክሪቱ ከስድስተኛ ፎቅ መጣና እዚችው ጋ ዱብ!» አለችና ከጫማዋ ጫፍ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጋ መሬቱን በጣቷ ነካች። «የልጆቼ አምላክ ነው ያወጣኝ። ተመስገን ብዬ ጋገርኩ።»

ዳቦው ልደት ጉሮሮ ላይ ቀረ። ባልዲውን ወደ ላይ የሚያወጣው የዊንቹ ኦፕሬተር ሳላሀዲን አጠገቧ ባይኖርና ውሃ ባያቀብላት ሌላ አደጋ ይደርስ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» አለች ትንፋሿ ሲመለስ።

«እንዴት አልተናገርኩም? ለመድኃኔዓለም ነገርኩት እኮ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ልደት ግን አልሳቀችም። «ከዚህ በፊትስ እንዲህ ያለ ዳቦ በልታችኋል?» ስትል ጠየቀች።

«ኧረ ሴፍቲ፣ አንቺም በልተሻል እኮ!» አለ ሳላሀዲን። «የዛሬ ሁለት ሳምንት አናጢው ያመጣው ምን መስሎሽ ነው? እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ተምር አምጥቻለሁ። ለእኔ ሰደቃ ነው፣ ለእነሱ ስለት ነው፤ ሆድ ሲገባ ያው ነው።»

እውነቱን ነው፣ በልታለች። ያውም የተወለደበት ቀን መስሏት አናጢውን «እንኳን ተወለድክ» ብላ አጨብጭባለታለች! ሰውዬው ከሦስተኛ ፎቅ ጣውላ ላይ ተንሸራቶ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ ነበር የተረፈው።

ያን ጊዜ ነገሩ በራላት። ሪፖርቱ ጠፍቶ አያውቅም። በየሳምንቱ ይቀርብ ነበር፤ እሷም ቁጭ ብላ ስትበላው ነው የከረመችው። ለጥቂት የተረፈ ሰው ዳቦ ያመጣል፣ የሆነውን ይናገራል፣ ይመረቃል። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፦ ዳቦው ከተበላ ነገሩ አለቀ። ምስጋና የቀረበበትን ጉዳይ መልሶ ማንሳት ነውር ነው፤ ፈጣሪን እንደመጠራጠር ይቆጠራል። ስለዚህ ሰዉ አምላኩን አመስግኖ የላላውን ጣውላ እንደላላ እዚያው ይተወዋል። ከምሳ በኋላ ልደት በዓይኗ አየችው፤ የለምለምን ባልዲ የጣለው ያው የተጣመመ መንጠቆ ሌላ ባልዲ አንጠልጥሎ ሲወጣ። «ወይ እኛ!» አለች በሆዷ። «ፈጣሪን ማመስገኑን እናውቅበታለን፤ ማገዙ ነው ያቃተን።» መንጠቆውን ያኔውኑ አስቀየረችው።

በማግሥቱ በጠዋቱ ንግግር ላይ ቢጫውን ሳጥን ከግድግዳው ነቅላ በብብቷ ይዛ ቀረበች።

«ይኸው፣ ሳጥኑ ተሰናብቷል» አለች። «ወረቀት አልፈልግም። ዳቦውን ግን እንዳትተዉ። ዳቦ ሲመጣ እኔም እመጣለሁ፤ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የት? ምን ሆነ? ደግሞ እንዳይመጣ ምን እናድርግ? ከእንግዲህ ዳቦው የሚያልቀው ሦስተኛው ጥያቄ ሲመለስ ነው።»

«ማንስ?» አሉ ጋሽ ወልደአረጋይ ከኋላ።

ሰዉ ሁሉ በሆዱ ይዞት የነበረው ጥያቄ ይኸው ነበር።

«ማን ብዬ አልጠይቅም። አልጽፍምም።»

«አለቃ ቢያስገድድሽስ?»

«እማዬ ትሙት!» አለች።

እንዲህ ያለ መሐላ በዋዛ አይማልም፤ በተለይ እናት ጎተራ ቁጭ ብላ እያለች። ጋሽ ወልደአረጋይ አተኩረው አዩዋትና «እንግዲህ እናያለን» አሉ።

አዩም። ሰኞ አንድ ግንበኛ ዳቦ አመጣ፤ አምስተኛ ፎቅ ጠርዝ ላይ እግሩ ከድቶት ከዓምዱ የወጣ የፌሮ ብረት ይዞ ነበር የተረፈው። ማክሰኞ ጠዋት የአምስተኛው ፎቅ ጠርዝ ዙሪያውን ታጠረ። ረቡዕ ውሃ ውስጥ የተኛ የኤሌክትሪክ ገመድ በዳቦ ተወራ፤ ከሰዓቱን ገመዱ ከሰው ቁመት በላይ ተሰቀለ። ሰው የተናገረው ነገር በማግሥቱ ተሠርቶ ሲያይ አፉ ይፈታል። ድሮ የተበሉ ዳቦዎች ሳይቀሩ ተመልሰው መጡ፤ «ሴፍቲ፣ የፋሲካ ሰሞኗን እኮ አልነገርኩሽም!» የሚል በዛ። ዳቦ ጾም አያስፈርስም፣ ሃይማኖት አይለይም። ቢጫው ሳጥንም ሥራ አልፈታም፤ ለምለም የዳቦ ቢላዋ ማስቀመጫ አደረገችው። በሦስት ሳምንት አሥራ ስምንት ተመዘገበ። የልደትም ሱሪ ጠበባት።

አንድ ቀን ከሰዓት የሕንፃውን ንድፍ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ እያንዳንዱን ዳቦ በቀይ ነጥብ አስቀመጠችው። ነጥቦቹ ወዲያና ወዲህ ተበታትነዋል፤ በምሥራቅ በኩል ግን ዘጠኙ አንድ ቦታ ተከምረዋል። ዊንቹ ያለበት ነው። ዊንቹ ኮንክሪቱንም ጡቡንም በገመድ እየጎተተ ወደ ላይ የሚያወጣው ማሽን ነው፤ ያለ እሱ ሕንፃው አንዲት ስንዝር አያድግም። አንዱ ባልዲው ድንገት ሸርተት ሲል አይቷል፣ ሌላው ገመዱ ሲወራጭ ጎንበስ ብሎ ተርፏል። መንጠቆው ከተቀየረ በኋላ እንኳ ነጥቦቹ አልቆሙም።

ሳላሀዲንን ልትጠራው ስትነሳ እሱ ራሱ ተምር በፌስታል ይዞ መጣ። ሳይጠየቅ ተናገረ።

«ፍሬኑ ይንሸራተታል፣ ልደት። ሲሞቅ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ነበር። አሁን ምን አደርጋለሁ መሰለሽ፣ የፌሮ ቁራጭ እሸጉጥበታለሁ፤ እሷ ትይዝልኛለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አራት ወር ሆነው። ብናገር ማሽኑን አልቻለበትም ብለው ያነሱኛል ብዬ ነው። ወላሂ፣ አንድ ባልዲ ባነሳሁ ቁጥር ነፍሴ አብራ ነው የምትወጣው።»

ልደት አንድ ተምር ጎረሰችና ጻፈች። የት፦ ዊንቹ ጋ። ምን ሆነ፦ ፍሬኑ ሲሞቅ ይንሸራተታል። ምን ይደረግ፦ ይቁም፣ ይቀየር። ማን የሚል መስመር ወረቀቱ ላይ የለም።

ተቆጣጣሪዋ ዓርብ ትመጣለች። ረቡዕ ከሰዓት አቶ ተከስተ ልደትን ቢሯቸው አስጠሩና መዝገቡን ማገላበጥ ጀመሩ። ባገላበጡ ቁጥር ፊታቸው እየቀላ ሄደ።

«ይኼ ምንድን ነው? አሥራ ዘጠኝ! እኔ ዜሮ ነው ያልኩሽ!»

«የሞተ ሰው ዜሮ ነው፣ አቶ ተከስተ። እነዚህ የተረፍንባቸው ናቸው። ዊንቹን ከሚመለከቱት በቀር ሁሉም ተስተካክለዋል። አሁን ዊንቹ ይቁምልኝና ፍሬኑ ይቀየር።»

«ነገ የዘጠነኛው ፎቅ ሶሌታ ይሞላል!» አሉ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። ሶሌታ የፎቁ የኮንክሪት ወለል ነው፤ የሚሞላበት ቀን ለግንባታ ሰው የሠርግ ቀን ማለት ነው። «አንቺ በሠርጌ ዋዜማ ሙሽራዋን አስቀር ትይኛለሽ? ደግሞስ ይኼ መዝገብ ለምንድን ነው ስም የሌለው? ባልዲውን የጣለው ማን ነው? ገመዱን ውሃ ውስጥ ያስተኛው ማን ነው? ስማቸውን ስጪኝ። ሦስት አራት ቸልተኛ ላባርርና ለሴትዮዋ እርምጃ ወስደናል ልበላት።»

«ስም አልሰጥም።»

«ታውቂያለሽ!»

«አውቃለሁ። እማዬ ትሙት ብዬ ምያለሁ፤ አልሰጥም።»

አቶ ተከስተ ክፉ ሰው አይደሉም፣ እውነቱን እንነጋገር። ሃያ አምስት ዓመት በዚህ ሥራ ሲኖሩ ከላይ የሚመጣባቸውን ወደ ታች ማውረድ እንጂ ሌላ ያስተማራቸው አልነበረም። መዝገቡን በጠረጴዛው ላይ ገፉላት። «ምርጫው ያንቺ ነው። ዓርብ ጠዋት ወይ የስም ዝርዝሩ ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን፣ ወይ መልቀቂያሽን ውሰጂ። ዊንቹም ነገ ይሠራል።»

ልደት ወደ ቤቷ ስትሄድ ታክሲው ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀምጣ አሰበች። ሥራዋን ትወዳለች። ስም ብትሰጥ ሥራዋ ይተርፋል፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ዳቦ አይመጣም። ሰዉ አፉን ይዘጋል፣ መዝገቡ ዜሮ ይሆናል፣ ከዚያ አንድ ቀን ባልዲው አይስትም። እንግዲህ በአንድ በኩል የእሷ ደመወዝ፣ በሌላ በኩል የለምለም ራስ። ፈራች? አዎ፣ ፈራች። ለገሃር ስትደርስ ግን ነገ የምታደርገው ነገር ቁልጭ ብሎ ታይቷት ነበር። ጎተራ ስትወርድ እንዲያውም ራት አሰኝቷታል።

ሐሙስ ጠዋት ግቢው እንደ ሠርግ ቤት ደምቋል። ሚክሰሩ ይጮኻል፣ ካሪዮላው ይገፋል፣ ለምለም ትዘፍናለች። ልደት በቀጥታ ወደ ዊንቹ ሄደች፣ ማብሪያውን አጠፋች፣ በላዩ ላይም ቀይ ካርድ አንጠለጠለች። «ቁም። አትንካ» ይላል። ሳላሀዲን ከመቀመጫው ተነሳ። የእሱን ፊት ያየ ሰው አራት ወር ሙሉ ምን ተሸክሞ እንደኖረ ይገባዋል።

አቶ ተከስተ ነጭ ሄልሜታቸውን እንዳጠለቁ እየሮጡ መጡ። «በማን ፈቃድ ነው?»

«በእርስዎ» አለችና ስድስተኛውን ገጽ ዘረጋችላቸው። «ማንኛውም ሠራተኛ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካየ ሥራውን የማስቆም መብት አለው፤ በዚህም አይጠየቅም» ይላል። ከሥሩ ጅራቷ የረዘመ ፊርማ አለች። አስታውሱልኝ ያልኳችሁ እሷን ነው።

አቶ ተከስተ ፊርማቸውን ቢያገላብጡት ያው የራሳቸው ሆነባቸው። ፊታቸውን ከወረቀቱ አዙረው «ጋሽ ወልደአረጋይ! ሥራ ያስጀምሩ!» ብለው ጮሁ።

ጋሽ ወልደአረጋይ አካፋቸውን ግድግዳ አስደግፈው ብሎኬት ላይ ቁጭ አሉ። «ኢንጂነር፣ እኔ ዛሬ ፈርቻለሁ» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ፈሪ ለናቱ አይደል የሚባለው? የእኔ እናት ሞታለች። የእነዚህ ልጆች ግን አሉ።»

ከዚያ አንዱ አካፋውን አስቀመጠ፣ ሌላው ባልዲውን አስቀመጠ፣ ለምለም ዘፈኗን አቆመች። የተሳደበ የለም፣ የጮኸ የለም። መቶ ሃያ ሰው ዝም ብሎ ቆመ።

«እሺ!» አሉ አቶ ተከስተ። «ማሽኑ ደህና መሆኑን እዚሁ ላሳያችሁ። ባልዲው ይጫን!»

«ሙከራ ከሆነ በደንቡ ይሁን» አለች ልደት። ባልዲውን አሸዋ አስሞላች። ከዚያ ኖራ በጣሳ ይዛ ከገመዱ ሥር ሰፊ ክብ መስመር አሰመረች፤ ማንም ወደ ውስጥ እንዳይገባ ብላ ሰዉን ሁሉ ከመስመሩ አስወጣች። የሳላሀዲን መቀመጫ ከመስመሩ ውጭ ነው፤ በላዩም የብረት ጣራ አለው።

ሁሉም ሲወጣ አቶ ተከስተ ብቻ መሐል ቀሩ። ሄልሜታቸውን አውልቀው አጠገባቸው ያለ የጡብ ክምር ላይ አስቀመጡ፣ ክንዳቸውንም አጣመሩ። «እኔ ማሽኔን አምነዋለሁ። ኖራ አያስፈራኝም። አንሳ!»

«ሳላሀዲን፣ እጅህን ከማሽኑ ላይ አንሳ!» አለች ልደት። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞራ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ «አቶ ተከስተ፣ ከመስመሩ እስኪወጡ ምንም ነገር አይነሳም። እስከ ማታ እቆማለሁ። እርስዎም እናት አለዎት» አለቻቸው።

ዓይን ለዓይን ተያዩ። መቶ ሃያ ሰው ያያቸዋል። አቶ ተከስተ እያጉረመረሙ ወጡ፤ ሄልሜታቸውን እንኳ አላነሱም። ልደት ወደ ሳላሀዲን ጠጋ ብላ «ያለ ብረቷ» አለችው በጆሮው።

ባልዲው ተነሳ። አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ፣ ስድስተኛ፤ ቆመ፣ ወረደ። «አያችሁ?» አሉ አቶ ተከስተ። እንደገና ወጣ፣ እንደገና ወረደ። «አያችሁ ወይ?» በአምስተኛው ዙር ላይ፣ ባልዲው ስድስተኛ ፎቅ ደርሶ ቆሞ ሳለ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ሳላሀዲን «ያ አላህ!» ሲል ተሰማ። ገመዱ ተፈታ፣ ባልዲው ቁልቁል ተምዘገዘገ፣ መሬቱ ከእግራቸው ሥር ተንቀጠቀጠ።

አቧራው ሲገለጥ ባልዲው ጡቡን ደፍጥጦ ተቀምጧል። ነጩ ሄልሜት ከሥሩ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰባብሯል።

አቶ ተከስተ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው ሰደዱና መላጣቸውን ዳሰሱ። ጋሽ ወልደአረጋይ ከብሎኬቱ ተነስተው በቦታቸው አስቀመጧቸው። ለምለም ውሃ ሰጠቻቸው። ልደት ነግሬዎት ነበር አላለችም፤ «እንኳን ተረፉ» ብቻ አለች። ሶሌታው አልተሞላም። አቶ ተከስተም መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ።

ዓርብ ጠዋት ልደት ስትገባ የስም ዝርዝርም መልቀቂያም አልያዘችም። የአቶ ተከስተ ቢሮ ዝግ ነው። ተቆጣጣሪዋ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ግን በሰዓታቸው ደረሱ፤ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያደርጉ፣ ከወረቀት ይልቅ ጣውላ እየነቀነቁ የሚያዩ ሴት ናቸው። ስድስት ፎቅ በእግራቸው ወጡ፣ አጥሩን ገፉት፣ ገመዱን አዩት፣ ቀይ ካርዱን አነበቡት። ከዚያ መዝገቡን ዘጉና «የተጻፈው ጥሩ ነው። ሰዉ ራሱ እንደሚናገር ግን በምን አውቃለሁ? የሪፖርት ሳጥናችሁ የት አለ?» አሉ።

ልደት ቢጫውን ሳጥን አመጣችላቸው። ከፍተው ቢላዋ አገኙበት።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የእኛ ሪፖርት በምሳ ሰዓት ነው የሚመጣው» አለች ልደት። «ይቆዩ፣ አብረን እንብላ።»

ይምጣ አይምጣ እሷም አታውቅም ነበር። ያም ሆኖ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የተናገረችው።

ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰዉ ከቆርቆሮው ሥር ተሰበሰበ። የግቢው በር ተከፈተና አቶ ተከስተ ገቡ። አዲስ ሄልሜት አድርገዋል። በሁለት እጃቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ታቅፈዋል። ከሰንጋ ተራ ዳቦ ቤት የተገዛ እንዳልሆነ ሩቅ ላለውም ይታወቃል፤ ሽታው ቀድሟቸው ገብቷል።

«እናቴ ናት» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ትናንት ስነግራት አለቀሰች። ይህን ሳታደርስላቸው ሥራ አትገባም አለችኝ።»

ጋሽ ወልደአረጋይ ባርከው ቆረሱ። «እንኳን ለእናትህ ተረፍክላት» አሉ፣ አለቃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ብለው። ዳቦው ለሁሉም ደረሰ፤ ለወይዘሮ ተናኘወርቅም ደረሳቸው። ልደት መዝገቧን ከፈተች። ድምፅዋ ልክ ለለምለም እንደሚሆነው ነበር።

«የት?»

«ዊንቹ ሥር።»

«ምን ሆነ?»

አቶ ተከስተ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፍሬኑ እንደሚንሸራተት የተነገረው ሰው ነበር። አልሰማም አለ። ሄዶ ገመዱ ሥር ቆመ።»

«ደግሞ እንዳይመጣ ምን እናድርግ?»

አዲሱን ሄልሜታቸውን ነካ አደረጉ። «አለቃም ቢሆን ከመስመሩ ይውጣ» አሉ። «ደግሞ የሚፈርመውን ያንብብ።»

ጥላው ሥር ያለው ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ ለምለም ከሁሉም በላይ። ልደት ቁጥር ሃያ ብላ ጻፈች። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ዳቦውን እያላመጡ ቅጻቸውን አወጡ፤ «ይሠራል» ብለው ጻፉና ከሥሩ አሰመሩበት።

ሳቁ ገና ሳይበርድ አቶ ተከስተ ወደ ልደት ጠጋ አሉ። መዝገቡን በጎን አዩት፣ ግራ ቀኛቸውን ቃኙ፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«ልደት» አሉ፣ «ስሜን አልጻፍሽውም አይደል?»

«እኛ ማን ብለን አንጠይቅም፣ አቶ ተከስተ» አለችና ዳቦዋን ጎረሰች።